ኪሱ ይለያይ፣ ዝርዝሩ አንድ ይሁን፦ በባሕር ዳር ጎዳና ላይ ያሉ ወገኖችን ቤት ለማስገባት አብሮ የማቀድ መመሪያ

በወሩ 23 ቀን ጠዋት ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ደጃፍ ብትቆሙ ምግብ ሞልቶ ታያላችሁ። ዝክር ያለበት ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ስለት ያለበት ሳንቲም ያድላል። በ24 ተመልሳችሁ ብትሄዱ ያው ሰው እዚያው ተቀምጧል። የትናንቱ ዳቦ ደርቋል። የዛሬው አልመጣም። ማታም የሚተኛው እዚያው ግንቡ ሥር ነው።

ይህን የፈጠረው ንፉግነት አይደለም። ሰዉ ይሰጣል። ግን ሁሉም ለየብቻው ይሰጣል።

በሰፈራችን የበጎ ፈቃድ ሥራ ስሳተፍ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ክረምት ለአንድ አባት ብርድ ልብስ ይዘን ሄድን። ሁለት ብርድ ልብስ ነበራቸው። አንዱን የሌላ ሰፈር ወጣቶች፣ አንዱን አንድ ድርጅት ሰጥቷቸዋል። የእኛ ሦስተኛ ሆነ። ሦስታችንም በየመዝገባችን «አንድ ሰው ረድተናል» ብለን ጻፍን። እሳቸው ግን ያን ክረምት በረንዳ ላይ ጨረሱት። ሦስታችን ቀድመን ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ የኪራይ መነሻ ይሆን ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ የእድር ዳኞች፣ የቀበሌ ባለሙያዎች፣ የሰበካ ጉባኤና የመስጊድ ኮሚቴ አባላት፣ የወጣት ማኅበራትም ነው።

ደረጃ 1፦ ጠረጴዛውን አዘጋጁ

ከተማውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትያዙ። ፋሲሎም ይሁን ጣና፣ በላይ ዘለቀም ይሁን ግሽ ዓባይ፣ በአንድ ክፍለ ከተማ ጀምሩ። ከተቻለም በአንድ ቀበሌ።

አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋማችሁ በፊት ያለውን ጠይቁ። በብዙ ቀበሌዎች የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባል አደረጃጀት አለ። ተኝቶም ቢሆን ማንቃት ይሻላል፤ ማኅተም አለው፣ ሰብሳቢ አለው፣ መንግሥት ያውቀዋል። አዲስ ስም ይዛችሁ ከመጣችሁ ገና እውቅና ስትጠይቁ ክረምቱ ይገባል።

ጠረጴዛው ላይ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይቀመጥ። የእድር ተወካዮች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሰዎች፣ ፖሊስ፣ በአካባቢው የሚሠሩ ድርጅቶች ይኑሩ። ፈለገ ሕይወትንና ጥበበ ግዮንን የመሰሉ ሆስፒታሎችም ተወካይ እንዲልኩ በደብዳቤ ጠይቁ። ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለት ወንበር ደግሞ ጎዳና ላይ ለኖሩ ሰዎች ተዉ። ለይስሙላ አይደለም። የትኛው በረንዳ በሌሊት እንደሚያስፈራ፣ የትኛው ዘበኛ እንደሚያባርር እነሱ ያውቃሉ። ስብሰባ የዋለ የቀን ሠራተኛ የዕለት ገቢው ስለሚቀርበት የውሎ አበላቸውን ክፈሉ።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በአንድ አካባቢ ያሉ ድርጅቶች የገንዘብ ጥያቄያቸውን በአንድ የጋራ ማመልከቻ እንዲያቀርቡ ያደርጋል። የሂውስተን ከተማ ከ100 በላይ ድርጅቶችን በአንድ ዕቅድ አሰልፋ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቤት አልባዎችን ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሳለች። የእነሱ በጀት የለንም። ጠረጴዛ ግን አለን።

ደረጃ 2፦ በስም መዝግቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ይሁን። «በከተማችን ብዙ ጎዳና ተዳዳሪ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም ቤት አያስገባም። ስም ያስገባል።

ቆጠራውን በንጋት አድርጉት፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ። ሰው ከተኛበት አልተነሣም፣ ቀኑ ደግሞ ሊነጋ ነው። ሌሊት መዞር ለቆጣሪውም ለተቆጣሪውም ጥሩ አይደለም፤ የሰዓት ገደብ ካለ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ከቀበሌና ከጸጥታ አካል ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ።

አካባቢውን ከፋፍሉት። አንድ ቡድን መናኸሪያውን፣ አንዱ ገበያውን፣ አንዱ የሐይቁን ዳር መንገድ፣ አንዱ የአድባራቱን ደጅ፣ አንዱ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ይያዝ። በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሱት። ከረዘመ ሰዉ ቦታ ይቀይርና አንዱ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የኮሪደር ልማት ሥራ ያለበት መንገድ ላይ ደግሞ ያለፈው ዓመት ካርታ አይሠራም። በረንዳው ከፈረሰ አዳሪው ወዴት እንደሄደ ጠይቁ።

አቀራረቡ ወሳኝ ነው። ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ። «አባቴ፣ እንዴት አደሩ?» ብላችሁ ጀምሩ። ለልጆቹም «አንተ!» ብሎ መጥራት የለም፤ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ይበቃል። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት፣ ቪዲዮ መቅረጽ ፈጽሞ አይፈቀድ። በተኛበት ተቀርጾ ቲክቶክ ላይ የወጣ ሰው ሁለተኛ አያምናችሁም።

የምትጠይቁት ብዙ አይሁን። ምን ተብለው እንደሚጠሩ፣ ዕድሜያቸው በግምት፣ ከየት እንደመጡ፣ ጎዳና ከወጡ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ምን እንዳወጣቸው፣ ሕመም እንዳለባቸው፣ ከማን ጋር እንደሚያድሩ። መጨረሻ ላይ «ዛሬ የሚሻልዎት ምን ቢሆን ነው?» በሉ። መልሱ ሁልጊዜ ቤት አይደለም። አንዳንዱ «መሳፈሪያ ብቻ ስጡኝ፣ አገሬ እናቴ አለች» ይላል። ይህን ሰው ሳትጠይቁት ቤት ብትከራዩለት ገንዘቡም እሱም ይባክናሉ።

ባሕር ዳርና አካባቢው ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ሲለምን ስላያችሁት ቤት አልባ ብላችሁ አትመዝግቡት፤ ትምህርት ላይ ነው፣ ጎጆ አለው፣ የኔታ አሉት። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚያልፉ የቀን ሠራተኞችም መናኸሪያው አካባቢ ሁለትና ሦስት ሌሊት ያድራሉ። የእነሱ ችግር የአንድ ሳምንት ማደሪያ እንጂ የዓመት ኪራይ አይደለም። በግጭት የተፈናቀሉ ቤተሰቦችን ለይታችሁ መዝግቡ፤ የእርዳታ መንገዳቸው በአደጋ መከላከል በኩል ስለሆነ ሁለቱን በሮች አብራችሁ አንኳኩ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከተገኘ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ይሂድ። ለልጅ ብቻውን ክፍል መከራየት መርዳት አይደለም።

ዝርዝሩ ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ይኑረው። ሙሉ ስምና የጤና ሁኔታ የሚያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ሌላው በቁጥር ይነጋገር። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስም መለጠፍ የለም።

ከዝርዝሩ ጎን ለጎን መታወቂያ አስጀምሩ። መታወቂያ የሌለው ሰው ሕክምናም፣ የባንክ ሂሳብም፣ ሲም ካርድም አይቀናውም። የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ምዝገባ ሰነድ ለሌለው ሰው በምስክር የሚሆንበት አሠራር ስላለው፣ ከጠረጴዛችሁ አንድ ሁለት ሰው ምስክር ለመሆን ይዘጋጅ።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን በየኪሱ ሳለ ቁጠሩት

ብዙ ጥምረት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ተነሥቶ «ሁላችንም ገንዘባችንን አንድ ሂሳብ ውስጥ እናስገባ» ይላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ግማሹ ወንበር ባዶ ይሆናል።

ትክክል ናቸው። እድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ዘካ ለማን እንደሚሰጥ ሃይማኖቱ ወስኖታል፤ ሰብሳቢዎቹም ለዚያ ተጠያቂ ናቸው። ድርጅቱ ለለጋሹ ሪፖርት ያደርጋል፣ መንግሥት ኦዲት አለበት። ስለዚህ ኪሱ ይለያይ። አንድ የሚሆነው ዝርዝሩና ዕቅዱ ነው።

እያንዳንዱ ተሳታፊ አራት ነገር ብቻ ይናገር፦ ምን ይሰጣል፣ በዓመት ምን ያህል፣ በደንቡ ለማን መስጠት ይችላል፣ በየትኛው ወር። ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ያኔ የማታውቁት ሀብት ብቅ ይላል። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፤ ከሚታደሱት ውስጥ ከዝርዝራችሁ የሆነ ሰው የሚገባበት ክፍል ሊጨመር ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት መንገድ አለው፤ የእናንተ ሰዎች ስማቸው በጊዜ መግባቱን አረጋግጡ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከክልላችን የገባችው ደሴ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ከተሞች ሰፍቷል፣ ጎዳና ላይ ያሉትን የሚመለከት ክፍልም አለው። አሁን በከተማችሁ ምን ላይ እንዳለ የክፍለ ከተማችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

አሁን ስሌት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩባቸው። ዝርዝሩ ላይ 40 ሰው አለ እንበል። አንድ ክፍል በወር 3,000 ብር፣ በዓመት 36,000 ብር። ለፍራሽ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለድስትና ለጀሪካን 7,000 ብር። ለመታወቂያና ለፎቶ 500 ብር። ለአንድ ሰው 43,500 ብር ይመጣል። ለ40 ሰው 1,740,000 ብር። ይህን ቁጥር ያየ ኮሚቴ ተስፋ ቆርጦ ይበተናል።

ዝርዝሩን ግን በስም እዩት። 10 ሰው ወደ ቤተሰቡ መመለስ ይፈልጋል እንበል፤ ለመንገድና ለመነሻ ለእያንዳንዱ 3,000 ብር፣ በጠቅላላው 30,000 ብር። 6ቱ የታደሰ ወይም የቀበሌ ቤት ይገባሉ። 8ቱ ተስማምተው ለሁለት ለሁለት ይኖራሉ፣ 4 ክፍል ማለት ነው። 16ቱ ለየብቻ። ስለዚህ የምትከራዩት 20 ክፍል ነው፣ 720,000 ብር። የ30 ሰው ዕቃ 210,000 ብር። መታወቂያ ለሁሉም 20,000 ብር። ድምሩ 980,000 ብር። ማንም አንድ ብር ሳይጨምር፣ በስም ስላወቃችኋቸው ብቻ፣ 760,000 ብር ቀነሰ።

ቀጥሉ። 200 አባል ያለው እድር በወር በነፍስ ወከፍ 15 ብር ቢጨምር 3,000 ብር ይሆናል። የአንድ ክፍል ኪራይ ሞላ። «አንድ እድር፣ አንድ ክፍል» በሉት። እድሮች ይህን ሐሳብ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ምክንያቱም ገንዘባቸው የት እንደገባ በሩን አንኳኩተው ማየት ይችላሉ። ደንቡ ካልፈቀደ በጠቅላላ ጉባኤ ማሻሻል ነው። ለሞት ድንኳን የሚተክል እድር በሕይወት ላለ ሰው ጣራ ቢያቆም ከዓላማው የወጣ አይመስለኝም።

ምግቡንም በዚሁ ሰሌዳ አስተካክሉ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ምግብ ይተርፋል። በመካከሉ ካሉት ቀናት ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ማኅበርተኞችን «ከዝክራችሁ ግማሹን ወደ 18 ወይም ወደ 26 ብታዞሩትስ?» ብላችሁ ለምኑ። አንዳንዱ በቀኑ እንጂ አይሆንም ይላል፤ አትጨቃጨቁት። እሺ ያለው ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ከስም በፊት መስፈርት

ማን ይቅደም የሚለውን ስም ሳታዩ ወስኑ። ነፍሰ ጡር ወይም ጨቅላ የያዘች እናት፣ ጽኑ ሕመም ያለበት፣ በዕድሜ የገፋ፣ ጎዳና ላይ ብዙ ዓመት የቆየ። ነጥብ ስጡ፣ በቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ክፈቱ። መስፈርቱ ከስም በኋላ ከመጣ «የእኔ አገር ልጅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጥምረቱ ያን ቀን አበቃለት።

ደረጃ 5፦ ቤቱን ፈልጉ፣ ሰውየውንም አትተዉት

አከራዮች ይፈራሉ። «ቢጠፋስ? ቢረብሽስ? ማንን ልያዝ?» ይላሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ ስብከት አይመልሰውም። ተያዥ ይመልሰዋል። ውሉ ላይ እድሩ ወይም ድርጅቱ ይፈርም፣ ኪራዩ በየወሩ በቀጥታ ወደ አከራዩ ሂሳብ ይግባ፣ ችግር ሲፈጠር የሚደወልለት አንድ ሰው ስልክ ይሰጠው። ያለ ጽሑፍ ውል አትግቡ። የኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በከተማችሁ እንዴት እየተፈጸመ እንደሆነ አስተዳደሩን ጠይቃችሁ ዕቅዳችሁን በዚያ ልክ አውጡ።

ርካሽ ነው ብላችሁ ሰውን ከከተማ ዳር አትጣሉት። መናኸሪያ ተሸክሞ የሚያድር ሰው ዘንዘልማ ቢገባ ገቢውን ትራንስፖርት ይበላዋል። በሳምንቱ በረንዳው ላይ ታገኙታላችሁ። ሥራው ባለበት ጠባብ ክፍል ከሩቁ ሰፊ ክፍል ይሻላል።

«መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ ከዚያ ቤት ይሰጠዋል» የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። ፊንላንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተቃራኒው ነው የሄደችው። የጋራ መጠለያዎቿን ወደ አፓርታማ እየቀየረች ሰዉን የኪራይ ውል አስፈርማ አስገባች። ሕክምናና ምክር ከዚያ ተከተለ። የቤት አልባዎቿ ቁጥር በብዙ ቀነሰ። ነገሩ ለእኛም ግልጽ ነው። የሚቆለፍ በር የሌለው ሰው መድኃኒቱን የት ያስቀምጣል?

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው። ለዓመታት ከሰው ጋር ተጠጋግቶ ያደረ ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ዝምታው ያስጨንቀዋል። ተመልሶ በረንዳ ሄዶ የሚያድር አለ። «አላልኳችሁም?» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት፤ ክፍሉን አቆዩለት። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጠይቀው ሰው መድቡ። ጎረቤት ያሉ እናቶችን ቡና ሲያፈሉ እንዲጠሩት ለምኑ። እኔ እንዳየሁት ሰውን ቤት ውስጥ ያቆየው ፍራሽ ሳይሆን የቡና ጥሪ ነው።

ደረጃ 6፦ በበጀት አቆጣጠር ተራመዱ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ዕቅድ በሚዘጋጅበት በየካቲትና በመጋቢት ጠረጴዛው ላይ መሆን አለበት። ሰኔ ላይ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ «ለከርሞ» ይባላል። ስትጠይቁ በባዶ እጅ አትሂዱ። ዝርዝሩን ያለ ስም፣ ስሌቱን፣ ሌሎች የሸፈኑትን አሳዩ። «980,000 ብር ያስፈልጋል፣ 600,000 ብሩን ራሳችን ይዘናል፣ የጎደለው ይህ ነው» የሚል ሰው ይደመጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ድጋፍ እንደሚመድብ ይደነግጋል። ጥቀሱት። ልመና አይደለም።

አንድ ችግር አለ። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። አዲሱ በጀት ደግሞ ያኔ ገና ነው፣ እስኪለቀቅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የእድርና የሃይማኖት ተቋማትን ገንዘብ ለግንቦትና ሰኔ አድርጉት፣ ሰዉ ዝናብ ሳይመጣ ይግባ። የመንግሥቱ ገንዘብ ከመስከረም ወዲያ ያለውን ኪራይ ይረከብ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚጠናበት ስለሆነ ክፍል የገባ ሁሉ አጎበር ይኑረው። ሐይቅ ዳር ነው የምንኖረው።

ደረጃ 7፦ ሂሳቡ

አጭር ነው። ለጋራ ወጪ ብቻ የሚሆን ትንሽ ሂሳብ ክፈቱ፣ በጣምራ ፊርማ ይውጣ፣ ደረሰኝ ያልተያያዘበት ወጪ አይጽደቅ። ለሰው እጅ በእጅ የሚሰጥ ትልቅ ገንዘብ አይኑር። በአዋጅ 1113/2011 የሚተዳደሩ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪያቸው ከገቢያቸው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ አብራችሁ ስትሠሩ ይህን ተጠያየቁ። የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ለእድሮች በንባብ አሰሙ።

ደረጃ 8፦ በየወሩ ተገናኙ

አንድ ቀን ወስኑ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አትቀመጡ። ሦስት ቁጥር ይነበብ፦ በወሩ ስንት ሰው ቤት ገባ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት አዲስ መጣ። ብዙ ኮሚቴ የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ያጨበጭባል። እኔ የማተኩረው ሦስተኛው ላይ ነው። አዲሶቹ ከየት መጡ?

ከሆስፒታል ድነው ወጥተው መሄጃ ያጡ ይኖራሉ። ከማረሚያ ቤት የተፈቱ ይኖራሉ። በሌሊት ከሥራ የተባረረች የቤት ሠራተኛ ትኖራለች። ሆስፒታሉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። በሽተኛው ከመውጣቱ ከሦስት ቀን በፊት ለአንድ ሰው ስልክ ይደወል። ከማረሚያ ቤቱም ጋር እንዲሁ ተስማሙ። የሁለት ወር ኪራይ ተከማችቶበት ሊወጣ ያለ ቤተሰብ ካለ ደግሞ እድሩ ቀድሞ ይሰማልና ከጋራ ሂሳቡ ሸፍኑለት። ጎዳና ከወጣ በኋላ ከምታወጡት በጣም ያነሰ ነው።

ስም ከዝርዝሩ የሚሰረዘው መቼ ነው የሚለውን ከመጀመሪያው ተስማሙበት። ቁልፍ የተቀበለ ቀን አይሰረዝም። እኛ የያዝነው ደንብ እንዲህ ነው፦ ሰውየው ስድስት ወር በክፍሉ ከኖረ በኋላ የሰፈሩ እድር ውስጥ እናስመዘግበዋለን፣ የመጀመሪያውን መዋጮ እንከፍልለታለን። ጎዳና ላይ ካነጋገርኳቸው አረጋውያን ብዙዎቹ የሚፈሩት ረሃቡን አይደለም፤ ቀባሪ ማጣትን ነው። ስሙ በእድሩ መዝገብ ላይ ሲጻፍ፣ ያኔ ከእኛ ዝርዝር ይወጣል።